ነጥባቸው የሚገለበጥ ጥያቄዎች አስቸግረውኛል

የተከበራችሁ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣

ለመመረቂያ ጥናቴ፣ ከችግር የማገገም አቅምን ለመለካት በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመውን ባለ 6 ጥያቄ አጭር መጠይቅ (Brief Resilience Scale) ወደ አማርኛ ተርጉሜ ከተፈናቃዮች መረጃ ሰብስቤአለሁ። 2ኛው፣ 4ኛውና 6ኛው ጥያቄ አሉታዊ በመሆናቸው ነጥባቸውን ገልብጬ (ከፍተኛውን ነጥብ ዝቅተኛ፣ ዝቅተኛውን ከፍተኛ አድርጌ) ባሰላም የክሮንባኽ አልፋው፣ ማለትም ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚጣጣሙ የሚያሳየው ቁጥር፣ ከተለመደው ዝቅተኛ ወሰን ከ0.70 በታች ወረደብኝ። መጠይቁን ያነበብኩላቸው አንዲት እናት «ከችግር ቶሎ አገግማለሁ» ለሚለውም፣ «ለማገገም ረጅም ጊዜ ይወስድብኛል» ለሚለውም «እስማማለሁ» ካሉኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ እሱ ያውቃል፤ ተመስገን ነው» አሉኝ (እውነት ለመናገር፣ እኔም ብጠየቅ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም)። ጥፋቱ የትርጉሜ ነው ወይስ መላሾች ለቀረበላቸው ሁሉ የመስማማት ዝንባሌ ስላላቸው? ሦስቱን ጥያቄዎች ማውጣት ውጤቴን ከሌሎች ጥናቶች ጋር እንዳላነጻጽር ስለሚያደርገኝ፣ የአሉታዊ አነጋገሩን ተጽዕኖ በማረጋገጫ ፋክተር ትንተና (ጥያቄዎቹ አስቀድሞ በታሰበው መልክ መቧደናቸውን በሚፈትሽ ስታቲስቲካዊ ዘዴ) ለይቶ መፈተሽ ይሻል እንደሆነ የሞከራችሁ ብትመክሩኝ።