ክርክር፦ ጥርሱን ላመመው ሁሉ አሞክሳሲሊን ማዘዝ ይቁም ወይ?

የጥርስ ሐኪም፣ አዲስ አበባ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት መንጋጋቸውን ይዘው መጡ፤ አራት ሌሊት አልተኙም። ከቦርሳቸው ሦስት ባዶ የአሞክሳሲሊን ስትሪፕ አወጡልኝ። ሳየው እብጠት የለም፣ መግል የለም። ነርቩ ገና ሕያው ነው፣ የተቆጣ ነው። አደንዝዤ ከፍቼ ነርቩን ሳወጣላቸው እዚያው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ይህ ሕመም የሚመጣው ነርቩ በጠንካራው ጥርስ ውስጥ ተጨንቆ ነው፤ አንቲባዮቲክ እዚያ ምንም አይሠራም። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ አይታዘዝ ብሏል። ታዲያ ለምን እናዝዛለን? በእኔ እምነት ይቁም።

የጤና ጣቢያ ባለሙያ፦
ዶክተር፣ ያሉት ልክ ነው። ግን መመሪያውን የጻፉት ሰዎች የሚሠራ የጥርስ ማከሚያ ወንበር አላቸው። የእኛ ከተበላሸ አምስት ወሩ ነው። ሁለት ሰዓት በእግሩ የመጣን ሰው ባዶ እጁን ልሸኘው?

ነባር ሐኪም፦
ሃያ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ያበጠ ጥርስ አይነቀልም፣ መጀመሪያ እብጠቱ ይጉደል ተብለን ነው የተማርነው። ማደንዘዣውም መግል ባለበት በደንብ አይዝም። ለተቆጣ ነርቭ የአሞክሳሲሊን ዘመድ የሆነው ፔኒሲሊን አይረዳም የሚለውም ጥናት 40 ሰው ላይ የተሠራ ነው። በ40 ሰው ልምዴን ልጣል?

ታካሚ፦
ይቅርታ፣ ባለሙያ አይደለሁም። እኛ እኮ መድኃኒት ካልተጻፈልን አልታከምንም እንላለን። ለምን እንደማያስፈልግ ቁጭ ብሎ ያስረዳኝ ሐኪም ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

የጥርስ ሐኪም፣ አዲስ አበባ፦
ዶክተር፣ ጥናቱ ትንሽ መሆኑን እቀበላለሁ። ነገር ግን መድኃኒቱን የወሰዱትና ያልወሰዱት እኩል ነው ያመማቸው፤ ይረዳል የሚል የተሻለ ጥናት ደግሞ አላገኘሁም። ልምድዎን ይጣሉ የሚል የለም። ሐኪሙ ዴቪድ ሳኬትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ማስረጃ ላይ የተመሠረተ ሕክምናን ሲተነትኑ የሐኪሙን ልምድና የታካሚውን ፍላጎት ከጥናቱ ጋር አብረው ነው ያስቀመጡት። ያበጠ አይነቀልም የሚለው ግን ሰው ይጎዳል። መግሉ የሚወጣው ጥርሱ ሲነቀል ወይም ሲከፈት ነው፤ ማደንዘዣውን ከእብጠቱ ራቅ ብሎ ነርቩ መነሻ ላይ መውጋት ይቻላል። ቀጠሮ እየሰጠን ስንመልሰው እብጠቱ ወደ አንገት የወረደበት ሰው አይቻለሁ። መተንፈሻ ይዘጋል፣ ይገድላል። ይህን ሳስብ ዝም ማለት ያቅተኛል።

ነባር ሐኪም፦
በአንገቱ ጉዳይ እስማማለሁ። እኔም አጋጥሞኛል። ግን ወጣቶቹ ይህን ሁሉ የት ያነባሉ? ጽሑፉ በገንዘብ ነው።

የጥርስ ሐኪም፣ አዲስ አበባ፦
የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የሚመራው ሂናሪ የሚባል የሕክምና ጽሑፎች ማንበቢያ ድረ ገጽ አለ፤ የእኛ አገር ተቋማት በነፃ ይገቡበታል። የሥራ ቦታችሁን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ።

የጤና ጣቢያ ባለሙያ፦
እሺ፣ ቁርጥ ያለ ነገር ንገሩኝ። ወንበር የለኝም። ምን ልጻፍ?

የጥርስ ሐኪም፣ አዲስ አበባ፦
ወንድሜ፣ የአንተን ሁኔታ መመሪያውም አስቦበታል። ነርቩ የተቆጣ ብቻ ከሆነ ወንበር ባይኖርም አንቲባዮቲክ አትጻፍ፤ ጨጓራው ወይም ኩላሊቱ የማይከለክለው ከሆነ አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል አብረህ ስጠው፣ ሪፈር ጻፍለት። ድዱ ላይ መግል ቋጥሮ ዛሬ የሚያክመው ካጣ አሞክሳሲሊን 500 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ ይፈቀዳል፤ የፔኒሲሊን አለርጂ እንዳለበት መጀመሪያ ጠይቀው፣ በ3ኛው ቀን መልሰህ እየው። ትኩሳት ካለው፣ አፉ አልከፈት ካለ፣ መዋጥ ካቃተው ግን አንቲባዮቲኩን አስጀምረህ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ላከው።

የጤና ጣቢያ ባለሙያ፦
ይህን በአማርኛ ጽፌ ካርድ ክፍሉ በር ላይ እለጥፈዋለሁ። ሦስቱን የአደጋ ምልክቶች በቀይ።