«ዘ ሆምካሚንግ» ላይ ያለችው እናት በዛችባችሁ ወይስ ልክ ነች?

የማታዋ፦
ሰላም ናችሁ፣ «ዘ ሆምካሚንግ፦ ኤ ክሪስማስ ስቶሪ»ን ያያችሁ ካላችሁ እስቲ ዳኙን። ያ እ.ኤ.አ. በ1971 ዲሴምበር በአሜሪካው ሲቢኤስ ጣቢያ የታየው የገና የቲቪ ፊልም፣ በኋላ «ዘ ዋልተንስ» የሚለው ተከታታይ ድራማ (ሲሪዝ) ከሱ የወጣው። እስከ መጨረሻው ነው የማወራው፣ ያላያችሁ መጀመሪያ እዩት።

ታሪኩ ቀላል ነው። 1933 ነው፣ የገና ዋዜማ፣ ቨርጂኒያ ገጠር ውስጥ፣ ዘመኑ የዲፕሬሽን (የታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ) ስለሆነ አባትየው ራቅ ያለ ከተማ ሄዶ ነው የሚሰራው፣ ዛሬ ማታ መምጣት አለበት፣ ሰባት ልጆች አያቶችና እናትየዋ ሁሉም ጆሯቸው በሩ ላይ ነው። ከዛ ሬዲዮው አውቶቡስ አደጋ ደረሰበት ይላል። በቃ፣ ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ መጠበቅ ነው።

እኔና እህቴ ያልተስማማነው በእናትየዋ ነው። እህቴ «ይቺ ሴትዮ ፊቷ አንዴም አይፈታም፣ ልጆቹን ትቆጣለች፣ ትልቁን ልጅ በሩን ለምን ቆለፍክ ብላ ታፋጥጠዋለች፣ ገና ላይ እንዲህ አይነት እናት ማየት አልፈልግም» አለች። እኔን ደግሞ ያስለቀሰችኝ እሷው ነች። እናትየዋን የምትጫወተው ፓትሪሺያ ኒል በዛ በጎርናና ድምጿ ስትቆጣ እኮ ንዴት አይደለም የምሰማው፣ ፍርሃት ነው፣ ልጆቹ እንዳያዩባት ስለምትፈልግ በቁጣ ትሸፍነዋለች። እናንተስ እንዴት አያችኋት? ደግሞ የስምንትና የአስር አመት ልጆች አሉን፣ ይከብዳቸዋል ወይስ ይችሉታል?

ዋልተን ወዳድ፦
እኔ የመጣሁት ከሲሪዙ ስለሆነ መጀመሪያ ሳየው ደንግጬ ነበር፣ እውነቴን ነው። ብዙ ሲዝን ተዋናይቷን ማይክል ለርንድን እንደ እናት ካየሁ በኋላ በሷ ቦታ ሌላ ሴት ቁጭ ብላ ስታይ የሆነ ሰው ቤትህ ገብቶ እቃ ያዘዋወረብህ ነው የሚመስለው። አባትየውም ሌላ ነው፣ አንድሪው ዱጋን፣ አያትየውም ኤድጋር በርገን ነው እንጂ ዊል ጊር አይደለም። ሰባቱ ልጆችና አያትየዋ ኤለን ኮርቢ ግን ያው ራሳቸው ናቸው፣ ሪቻርድ ቶማስም ትልቁን ልጅ ጆን ቦይን መጫወት እዚህ ነው የጀመረው።

ሁለተኛ ጊዜ ሳየው ግን ሲሪዙን ረስቼ አየሁት፣ ያኔ ነው የገባኝ። የለርንድ ኦሊቪያ የምትወዳት እናት ነች፣ የኒል ኦሊቪያ ግን የደከመች እናት ነች። ሰባት ልጅ፣ ገንዘብ የለም፣ ባል በመንገድ ላይ፣ ምን ልትስቅ ነው? ኒል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 ስትሮክ መትቷት መራመድም መናገርም እንደ አዲስ ነው የተማረችው፣ እና አንድ ቃል ስትናገር ክብደት አለው፣ ዝም ብሎ የሚወጣ ቃል የላትም። በዚህ ፊልም ጎልደን ግሎብ መውሰዷ በጣም ነው የሚገባት። ስለዚህ ፍርዴ ላንቺ ነው እህቴ፣ ለእህትሽ ግን ሁለተኛ ጊዜ እንድታየው ንገሪልኝ።

ቀጥታ ተናጋሪ፦
እኔ ከእህትሽ ጋ ነኝ ማለት ይቻላል፣ ግን በእናትየዋ አይደለም፣ በፊልሙ ነው። መሀሉ ይንሳፈፋል። ልጁ አባቱን ፈልግ ተብሎ በሌሊት ይወጣል፣ ልባችን ተንጠልጥሏል፣ ከዛ መጀመሪያ ቻርሊ የሚባል ሰውዬ ጋ፣ እሱን ሸሪፉ ያስረዋል፣ ከዛ ቤተክርስቲያን፣ ከዛ የሁለቱ አሮጊት እህትማማቾች ቤት፣ እነሱ ደግሞ የአባታችን ሪሲፒ እያሉ የሚጠሩት ድብቅ አረቄ አላቸው፣ ቁጭ ብለው ስለ ድሮ ያወራሉ፣ አባትየው የት ነው ያለው? እኔ እዛ ጋ ነው የወጣሁት። በረዶው ላይ በፈረስ ጋሪ ሲሄዱ ያምራል፣ እሺ፣ ግን የሰውየው ነፍስ አስጨንቆኝ እያለ ያማረ ነገር ማየት አልቻልኩም። ደግሞ ተራሮቹ የቨርጂኒያ አይመስሉም፣ ውጭ ውጪውን የቀረጹት ዋዮሚንግ ነው፣ ለሚያውቅ ሰው ያስታውቃል።

የቤተክርስቲያኗን ትዕይንት ግን አልነካትም። ነጩ ልጅ ጥቁሮቹ ሲያመልኩ ደርሶ ከኋላ ሲቀመጥ፣ ተዋናዩ ክሊቨን ሊትል ደግሞ ምንም ሳያካብድ ሲቀበለው። ለ1971 ቲቪ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ታሪኩ ደግሞ የ1933ቷ ቨርጂኒያ ነው፣ በህግ የተለያዩበት ዘመን።

በር ላይ፦
ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው ግን ዛሬ ልጻፍ። ወንድሜ መሀሉ ይንሳፈፋል ያልከው ትክክል ነው፣ ግን ሰው ሲጠበቅ እኮ እንደዛ ነው። አባቴ ልጅ እያለን ራቅ ብሎ ነበር የሚሰራው፣ የሚመጣበት ቀን ይታወቃል ሰአቱ አይታወቅም። እናቴ ምንም አትልም ነበር። ግን የታጠበ ድስት መልሳ ታጥባለች። አንድ ማታ አስታውሳለሁ፣ አንድ ድስት ሶስት ጊዜ አጠበችና በጨርቅ አደረቀችው፣ ከዛ ታናሽ ወንድሜ ውሃ ሲያፈስ እንዴት እንደጮኸችበት፣ ለአንድ ብርጭቆ ውሃ። አባቴ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ደግሞ እሷ አንገቱ ላይ አልተጠመጠመችም፣ «ለምን አረፈድክ» ብላ ጀርባዋን ሰጠችው። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት እኔ ነኝ።

እና ያ ፊልም ላይ ሴትየዋ ልጆቹን ስትቆጣ ሳይ ሰው ነው የታየኝ፣ ክፉ እናት አልታየችኝም። ልጆቹም ይችሉታል፣ እንዲያውም ከኛ በላይ ይገባቸዋል። የምታስቸግረው አንዷ ቦታ ነች፣ አንዲት ሌላ ሴትዮ ለልጆች ስጦታ ስታድል ከመሀላቸው ላንዷ የተሰበረ አሻንጉሊት የሚደርሳት፣ እዛ ጋ አጠገባቸው ሁኚ።

ዘጠና ደቂቃ፦
የገና የቲቪ ፊልም በየአመቱ ደርዘን ደርዘን ስለማይ ይሄን ልጨምር። የዛሬዎቹን አልጠላቸውም፣ እወዳቸዋለሁ፣ ግን አሰራራቸውን ማወቅ አለብን፣ አብዛኞቹ በሁለት ሶስት ሳምንት ተቀርጸው የሚያልቁ ናቸው፣ ብዙዎቹ በበጋ፣ ተዋናዮቹ በሙቀት ካፖርት ለብሰው፣ በረዶው አረፋና ወረቀት ሆኖ። ማስታወቂያ በገባ ቁጥር ሰው ቻናል እንዳይቀይር አንድ ጥያቄ ተንጠልጥሎ መቅረት አለበት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁሉም ይፈታል፣ ሱቁ ይድናል፣ ሁለቱ ይሳሳማሉ።

«ዘ ሆምካሚንግ» ግን አንድም ነገር አይፈታም! ተመልከቱት፣ አባትየው ይመጣል፣ በእጁ የነበረውን ገንዘብ በሙሉ ስጦታ ገዝቶበታል። ዲፕሬሽኑ እንዳለ ነው። ነገ ምን እንደሚበሉ አይታወቅም። የመጣው ሰውየው ብቻ ነው፣ እኛም እፎይ የምንለው በሱ ብቻ ነው። እዛ ላይ ነው ለጆን ቦይ የመጻፊያ ደብተሮቹን የሚሰጠው፣ ልጁ በሩን ቆልፎ ተደብቆ ይጽፍ የነበረው እኮ ይስቁብኛል ብሎ ነው፣ አባትየው ግን አውቆታል። የፊልሙ ጸሐፊ ኧርል ሃምነር የራሱን ቤተሰብ ታሪክ ነው የጻፈው፣ ከስምንት ልጆች የመጀመሪያው እሱ ነበር፣ ያ ደብተር ሲወጣ ይሄን ካወቃችሁ አንጀት ይበላል።

የማታዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ @በር ላይ፣ ያንተን ለእህቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ የድስቱ ጋ ስደርስ «አቁሚ» አለችኝ። ማታ ከልጆቹ ጋ ደግመን አየነው። ትንሹ የእህትማማቾቹ ቤት ጋ አልተሰላቸም፣ እንዲያውም የፈረስ ጋሪውን መልሱልኝ አለ፣ @ቀጥታ ተናጋሪ ይሄን ስማ። አሻንጉሊቷ ስትወጣ ትልቋ እጄን ያዘች ግን ፊቷን አላዞረችም።

እህቴ አሁንም እናትየዋ አንዴ እንኳ ብትስቅ ኖሮ ትላለች። ግን የተቆለፈው በር ጋ ሲደርስ «ፈርታ ነው እኮ» ያለችው እሷ ነች፣ እኔ ምንም አላልኩም። ልጆቹ ደግሞ «ከዛስ ምን ሆኑ» ብለው አላስተኛ አሉን፣ ቅዳሜ የ«ዘ ዋልተንስ»ን የመጀመሪያ ክፍል እንጀምራለን፣ @ዋልተን ወዳድ፣ ሌላ እናት መሆኗን ቀድሜ ልንገራቸው ወይስ ራሳቸው ይዩት?

ዋልተን ወዳድ፦
ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ አለበለዚያ «እናትየው የት ሄደች» እያሉ ክፍሉን አያዩትም።