ስፕላቱን 3፦ ከኪለር ዌይል 5.1 እንዴት ላምልጥ?

ድምፅ አከራይ፣ ሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ ለሠርግና ለስብሰባ ድምፅ ማጉያ አከራያለሁ። ማታ ገመዱን ጠቅልለን ዕቃውን ካስገባን በኋላ ከእህቴ ልጅ ጋር ስፕላቱን 3 የሚባለውን ቀለም እየረጩ የሚፋለሙበት የቪዲዮ ጌም እንጫወታለን፤ እሱ በራሱ ኒንቴንዶ ስዊች (የጌም መጫወቻ)፣ እኔ በተዋስኩት። ልጁ ኢንክብራሽ ከሚባለው ብሩሽ አይለይም። መሬቱን እየቀባ የልዩ መሣሪያውን መለኪያ ሲሞላ፣ ኪለር ዌይል 5.1 የሚባለው የብሩሹ ልዩ መሣሪያ ይመጣል፦ ስድስት ሜጋፎኖች አየር ላይ ተንሳፍፈው ወደ እኔ ያነጣጥሩና የድምፅ ጨረር ይለቁብኛል።

ስሙ ወዲያው ገባኝ። 5.1 ማለት አምስት ድምፅ ማጉያና አንድ የባስ ማጉያ ነው፤ ድምሩ ስድስት። ችግሬ ሌላ ነው። በሥራዬ የማውቀው ቀጭን ድምፅ ግድግዳ ሲያገኝ እንደሚቀር፣ ባሱ ብቻ አልፎ እንደሚሄድ ነው። ባለፈው ቅዳሜ እንኳ አንድ አዳራሽ ውስጥ ከምሰሶ ጀርባ የተቀመጡት እንግዶች ንግግሩ አልሰማ ቢላቸው፣ ማጉያውን አንድ እርምጃ ፈቀቅ አድርጌ ነው ያሰማኋቸው። ስለዚህ ሜጋፎኖቹን ሳይ እጄ በራሱ ወደ ግድግዳ ይወስደኛል፤ ጨረሩ ግን ግድግዳውን አልፎ ይጨርሰኛል። ታዲያ የት ልግባ?

ታቦር ሥር

ጋሼ፣ መደበቂያ አይፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው በመጀመሪያው ስፕላቱንም መሣሪያው ግድግዳ ይበሳ ነበር፤ ግን አንድ ትልቅ ሜጋፎን ስለነበረና ቀጥ ብሎ ስለሚተኩስ ወደ ጎን ፈቀቅ ማለት ይበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ከስፕላቱን 3 ጋር የመጣው ግን ሰውን ይከተላል። ሆኖም አዟዟሩ ከእርስዎ ሩጫ ይዘገያል። ገጸ ባሕሪዎን ወደ ስኩዊድ (ዋናተኛ የባሕር እንስሳ) ለውጠው በራስዎ ቀለም ውስጥ ወደ አንድ ጎን ይዋኙ፤ በመጡበት ከተመለሱ ጨረሩ ውስጥ ይገባሉ። በተጋጣሚዎ ቀለም ላይ ከሆኑ እግርዎ ስለሚያዝ መንገድዎን አስቀድመው ይቅቡ።

ቀለም ወዳጅ

ታቦር ሥር ያለው ልክ ነው፤ እኔ ግን ከጨረሩ ይልቅ የምፈራው ባለብሩሹን ነው። ሜጋፎኖቹ ሲተኩሱ እጁ ነፃ ነው። እርስዎን ከቦታዎ አስነሥቶ የሚሸሹበት ላይ ይጠብቅዎታል። ደግሞ መለኪያው ሲሞላ የገጸ ባሕሪው ፀጉር ያበራል፤ ከሩቅ ይታያል። ያንን ሲያዩ መንገድ መቀባት ይጀምሩ እንጂ ሜጋፎኖቹ እስኪወጡ አይጠብቁ።

ድምፅ አከራይ፣ ሐዋሳ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ሞከርኩት። ፀጉሩ ሲያበራ ከመሀል ሜዳ እስከ ቀኝ ጥግ ሰፊ መስመር ቀባሁ። ሜጋፎኖቹ ሲወጡ ልቤ ግድግዳ ግድግዳ አለ፤ እምቢ ብዬ መስመሩን ይዤ ዋኘሁ። ስድስቱም ጨረሮች ከኋላዬ ባዶ መሬት ሲመቱ አየኋቸው። የእህቴ ልጅ ቀና ብሎ «ማን አሳየህ?» አለኝ። ሳልመልስለት መስመሬ የሚያልቅበት ጥግ ላይ ብሩሹን ይዞ ብቅ አለ፤ ቀለም ወዳጅ፣ አንቺ ያልሽው ቦታ ላይ። ዛሬ ሥራ የለኝም፤ መስመሩን ከጥጉ አስቀድሜ ወደ ግራ አጥፌ እቀባዋለሁ።