በ28 ሳምንት ለተወለደ ልጅ የኦቲዝም መጠይቅ 5 ነጥብ ወጣ፤ ቀጥሎ ምን ይደረጋል?

ጥያቄ፦ ልጄ በ28 ሳምንት ተወልዶ አሁን 18 ወሩ ነው። ኤም-ቻት የሚባለውን ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ ስሞላ 5 ነጥብ ወጣ። የተያዘበት በቁጥር 2 (አይሰማ ይሆን ብዬ መጠርጠሬ)፣ 4 (ዕቃ ላይ አለመውጣቱ)፣ 7 (የወደደውን በጣቱ አለማሳየቱ)፣ 10 (ስሙ ሲጠራ አለመዞሩ) እና 13 (አለመራመዱ) ነው። ኦቲዝም ነው ማለት ነው?

ሐኪም፦ አይደለም፤ መጠይቁ ማጣሪያ ብቻ ነው። ደግሞም ጊዜው አልደረሰም። ከ40 ሳምንት 28 ሲቀነስ 12 ሳምንት ቀድሞ ተወልዷል፤ ይህ ከ18 ወሩ ሲቀነስ የተስተካከለ ዕድሜው 15 ወር ገደማ ነው። መጠይቁ የተዘጋጀው ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች ነው። በተስተካከለ ዕድሜው 18 ወር ሲሞላው፣ ከዚያም በ24 ወሩ ይድገሙት። ከ0 እስከ 2 ነጥብ ዝቅተኛ ስጋት ነው። ከ3 እስከ 7 ከሆነ ልጁ የወደቀባቸውን ጥያቄዎች ብቻ ባለሙያ አንድ በአንድ ምሳሌ እየጠየቀ ያጣራል፤ ከዚያ በኋላም 2ና ከዚያ በላይ ከቀሩ ወደ ስፔሻሊስት ይላካል። 8ና ከዚያ በላይ በቀጥታ ይላካል።

የመስማት ባለሙያ፦ እህቴ፣ ቁጥሮቹን ለያይተሽ እያቸው። 4 እና 13 የእግር ጉዳይ ናቸው፤ ያለጊዜው በተወለደ ልጅ ጡንቻው ጠንክሮም ሆነ ላልቶ ሊዘገይ ይችላል። 2 እና 10 ደግሞ የጆሮ ችግርም ሊሆኑ ይችላሉ። ማሞቂያ ክፍል የቆየ፣ ጄንታማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ የወሰደ ወይም ከባድ ቢጫነት የነበረው ልጅ መስማቱ ሊጎዳ ይችላል። ከኋላው ማጨብጨብ አይበቃም፤ ጥላ አይቶ ወይም ንፋስ ተሰምቶት ይዞራል፣ ወፍራም ድምፅ እየሰማ ቀጭኑን ላይሰማም ይችላል። ተኝቶ ሳለ ራሱ ላይ ሽቦ ተለጥፎ የሚሠራውን የመስማት ነርቭ ምርመራ ጠይቂ። ዓይኑንም አስመርምሪ፤ ሩቅ የማያይ ልጅ ሩቅ ያለ ነገር አይጠቁምም።

የንግግር ቴራፒስት፦ በዚህ እስማማለሁ፣ ግን «ያለጊዜው ስለተወለደ ነው፣ ይደርሳል» ተብሎ መተው ትልቅ ጉዳት አለው። እነዚህ ልጆች በኦቲዝም የመያዝ ዕድላቸው በጊዜያቸው ከተወለዱት ከፍ ያለ ነው፤ ቁጥር 7ን ደግሞ እግር አያስረዳውም። ከዛሬ ጀምረሽ ፊት ለፊቱ ቁጭ በይ፣ ብርቱካንና ሙዝ አሳይተሽ እስኪመርጥ ዝም ብለሽ ጠብቂ፤ ዓይኑን ወደ አንዱ ቢልክም ያን ስም ጠርተሽ ስጪው። ያወቀውን ቃል ወይም ሰላምታ ከተወ ግን በተስተካከለ ዕድሜው 18 ወር እስኪሞላው አትጠብቂ፣ ወዲያው ሐኪም ይየው።

ጠያቂ፦ መጠይቁን እስክደግም ጆሮውን ባስመረምር ይሻላል?

ሐኪም፦ አዎ፣ ከጆሮው ይጀምሩ። ውጤቱን ይዘው ሲቀርቡ ቁጥር 2 እና 10 በትክክል ይተረጎማሉ።