ባሕር ዳር የዌብ ፕሮግራሚንግ ጉባኤ፦ ንግግር ይሻላል ወርክሾፕ? ላፕቶፑስ እንዴት ይዘጋጅ?

የፖሊዋ፦
ሰላም ናችሁ። በሚቀጥለው ወር እዚህ ባሕር ዳር ለሚደረገው የሁለት ቀን የዌብ ፕሮግራሚንግ ጉባኤ ተመዝግቤያለሁ። በትልቁ አዳራሽ ንግግር፣ በጎን ክፍሎቹ ደግሞ የሦስት የሦስት ሰዓት ወርክሾፕ አለ፤ ሁለቱም የተደረቡት በተመሳሳይ ሰዓት ላይ ነው። ጃቫስክሪፕትና ሪአክት እሠራለሁ፤ ቴስቲንግና ፒደብሊውኤ (ስልክ ላይ እንደ አፕ የሚጫን ዌብሳይት) ላይ ግን ገና ጀማሪ ነኝ። የቱን ልያዝ? ላፕቶፔ ዊንዶውስ ነው፣ 8 ጊጋ ራም። ዋይፋይ አለ ተብሏል። ቤት ምን ጨርሼ ልምጣ?

ጣና_ዳር፦
ወርክሾፑን ያዢ። ንግግር ብዙ ጊዜ ይቀረጻል፤ ባይቀረጽም ስላይዱ ይገኛል። ኮድሽ እምቢ ሲል አጠገብሽ ቆሞ ኤረሩን የሚያይልሽ ሰው ግን በቪዲዮ አይገኝም። የወርክሾፑ መግለጫ ሪፖዚተሪም (የኮድ ማከማቻ) መልመጃም ካልጠቀሰ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስላይድ ሊሆን ይችላልና ያኔ አዳራሹ ይሻልሻል።

ወርክሾፕ የሚበላሸው የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ላይ ነው። ክፍል ሙሉ ሰው በአንድ ራውተር እኩል ኤንፒኤም ኢንስቶል (የፕሮጀክቱን ፓኬጆች ከኢንተርኔት የሚያወርደው ትእዛዝ) ሲል ማንም አይጨርስም። እዚያ ምንም የማታወርጂ ሆነሽ ነይ። ሪፖዚተሪውን ክሎን አድርጊ (ወደ ላፕቶፕሽ ቅጂ)፣ ፓኬጅ ጄሰኑ (የፕሮጀክቱ ዝርዝር ፋይል) ላይ «ኢንጂንስ» የሚለውን አይተሽ የሚጠይቀውን የኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስኬደው) ቨርዥን ጫኚ፣ ኤንፒኤም ሲአይ (ፓኬጆቹን ከዜሮ የሚጭነው ትእዛዝ) ብለሽ ፕሮጀክቱን አስነሺው። ከዚያ ኢንተርኔቱን አጥፊና ኤንፒኤም ሲአይን በኦፍላይን ፍላግ (ከኢንተርኔት እንዳያወርድ በሚያዘው ምልክት) ድገሚው። ካለፈ ካሽሽ (ላፕቶፕሽ ያስቀመጠው የወረደ ቅጂ) ሙሉ ነው። ይህን ሳትሞክሪ አዳራሹ ውስጥ ኤንፒኤም ሲአይ እንዳትነኪ፤ ትእዛዙ ሥራ የሚጀምረው ነባሩን ኖድ ሞጁልስ (ፓኬጆቹ የተጫኑበትን ፎልደር) ጠርጎ ስለሆነ ኔትወርክ ከሌለ ያለሽንም ታጪያለሽ።

ቴስቲንጉ በፕሌይራይት (ብራውዘር ከፍቶ ዌብሳይትን በራሱ የሚፈትሽ መሣሪያ) ከሆነ ብራውዘሮቹ ለብቻቸው ነው የሚወርዱት፣ ቀላል ክብደትም አይደሉም። ክሮሚየምን ብቻ ለይተሽ አውርጂ። ፓኬጁን ከዚያ በኋላ አፕዴት አታድርጊው፤ አዲሱ ቨርዥን የራሱን ብራውዘር ይፈልጋል።

አባይ_ማዶ፦
ከላይ ባለው እስማማለሁ፤ ስለ ፍላሽ ልጨምር፣ አንዱ ይዞ መምጣቱ አይቀርምና። የጓደኛሽን ኖድ ሞጁልስ ፎልደር እንዳለ መገልበጥ አያዋጣም። በሺህ የሚቆጠር ትናንሽ ፋይል ነው፤ ዲፌንደሩ (የዊንዶውስ ጸረ ቫይረስ) እያንዳንዱን ልፈትሽ ሲል ኮፒው ይንፏቀቃል። ተገልብጦ ቢያልቅም እንደ ኢኤስቢልድ ያሉ ፓኬጆች ለየኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የተለየ ባይነሪ (ተዘጋጅቶ የመጣ የሚሮጥ ፋይል) ነው የሚያስገቡት፤ ከኡቡንቱ የመጣው ዊንዶውስሽ ላይ አይነሳም። ኮዱን ብቻ ለመውሰድ ጊት ባንድል በቂ ነው፤ ሪፖዚተሪው ከነታሪኩ አንድ ፋይል ይሆናል፣ ከፍላሹ ላይ ክሎን ታደርጊዋለሽ። የዶከር ኢሜጅ (ፕሮግራምን ከነሚያስፈልገው ሁሉ የጠቀለለ ጥቅል) ካለ በዶከር ሴቭ ፋይል ይሆናል፣ ወደ አንቺ ሲመጣ በዶከር ሎድ ይከፈታል። ፍላሹ ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፣ ኤክስፋት አድርጊው።

በ8 ጊጋ ራም ዶከርን ካልተባልሽ አትክፈቺ።

የፖሊዋ፦
እናመሰግናለን። ፒደብሊውኤውን ስልክ ላይ ለማየትስ? ዋይፋዩ አንድ ከሆነ የላፕቶፑን አይፒ ስልኩ ላይ ብጽፍ አይበቃም?

ዘጌ_ደቭ፦
ሦስት ቦታ ሊያዝብሽ ይችላል። ቫይት (ስትሠሪ ገጹን ላፕቶፕሽ ላይ የሚያሳየው ሰርቨር) ካልነገርሽው የሚያዳምጠው ሎካልሆስትን (ላፕቶፑን ራሱን) ብቻ ነው፣ ሆስት የሚለውን ፍላግ ጨምሪ። ዊንዶውስ ኔትወርኩን «ፐብሊክ» ብሎ ከያዘው ፋየርዎሉ ስልክሽን ይመልሰዋል። የሆቴልና የአዳራሽ ዋይፋይ ደግሞ ብዙ ጊዜ መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ተደርጎ ነው የሚዘጋጀው፤ ላፕቶፕሽና ስልክሽ ሁለቱም ኢንተርኔት እያገኙ እርስ በርስ አይገናኙም፣ ያንን ከላፕቶፕሽ ሆነሽ አታስተካክይውም።

ይህ ሁሉ ቢያልፍም ሰርቪስ ወርከሩ (ፒደብሊውኤውን ያለ ኢንተርኔት የሚያሠራው ኮድ) አይመዘገብም። ብራውዘሩ የሚፈቅደው በኤችቲቲፒኤስ ወይም በሎካልሆስት ሲመጣ ነው፤ ተራ ኤችቲቲፒ በ192.168 አድራሻ አይቆጠርለትም። ገጹ ይከፈታል፣ ኦፍላይን ግን አይሠራም፤ ሰውም ኮዱ ውስጥ ስህተት ሲፈልግ ይውላል።

አንድሮይድ ከሆነ በኬብል ጨርሺው። ስልኩ ላይ ሴቲንግ ውስጥ «ቢልድ ነምበር»ን 7 ጊዜ ነክተሽ ዴቨሎፐር ኦፕሽንስን ክፈቺ፣ ዩኤስቢ ዲበጊንግን አብሪ። ላፕቶፑ ላይ በክሮም የኢንስፔክት ገጽ ገብተሽ ፖርት ፎርዋርዲንግ ላይ 5173ን (የቫይት የተለመደ ፖርት) ወደ ሎካልሆስት 5173 አድርጊ። አሁን ስልኩ ላይ ሎካልሆስት 5173 ብለሽ ትከፍቻለሽ፤ ሰርቪስ ወርከሩም ይመዘገባል። ኬብሉ ዳታ የሚያስተላልፍ ይሁን፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርገው ገበያው ላይ ሞልቷል።

ጣና_ዳር፦
መብራትን አትርሱ እንጂ። ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ይቆያል፣ ራውተሩ ግን ያኔውኑ ይሞታል፤ ከላይ ስለ ኦፍላይን የተባለው ለዚህም ነው። ፓወር ባንክ ከያዝሽ ዋቱን እዪ፤ ለስልክ የተሠራው 18 ዋት ላፕቶፕ አይሞላም፣ ታይፕ ሲ ሆኖ 45 ዋትና ከዚያ በላይ ይሁን። ኤክስቴንሽን ያመጣ ሰው የክፍሉ ንጉሥ ነው።

በሁለቱም ቀን ጠዋትና ከሰዓት ወርክሾፕ አትደርቢ። በቀን አንድ፣ የቀረውን ንግግር ወይም በረንዳ ላይ ወሬ። ምሳ የአንድ ሰዓት ከሆነ ሐይቅ ዳር ወርዳችሁ አሳ አትዘዙ፤ ካዘዛችሁ በኋላ ነው የሚጠበሰው፣ የከሰዓቱ መጀመሪያ ያመልጣችኋል።

አባይ_ማዶ፦
ሰዓት ላይም ተጠንቀቂ። ፕሮግራሙ ላይ «9፡00» ብቻ ከተጻፈ በእኛ ከሰዓት 9 ነው ወይስ የፈረንጅ 9፣ ማለትም በእኛ ጠዋት 3? አዘጋጆቹን ጠይቂ። ከውጭ በኦንላይን የሚገባ ተናጋሪ ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ከሰጠ 3 ቀንሺለት፤ 12፡00 ዩቲሲ በእኛ 9 ሰዓት ነው። የተላከልሽን የካላንደር ፋይል ስልክሽ ላይ ስትከፍቺም የሰዓት ዞኑ አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ መሆኑን እዪ።