ክርክር፦ የሱሉልታ–ጫንጮ መንገድ በወር አንድ እሁድ ለመኪና ይዘጋ?

ጥያቄ አቅራቢ፦ መንገድ ለመኪና የሚዘጋበት «መንገድ ለሰው» በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር የአዲስ አበባ ሰው የወሩ የመጨረሻ እሁድ ላይ መሀል አስፋልት ላይ ሲሮጥ አየን። ለምን ከከተማ አይወጣም? ከሱሉልታ እስከ ጫንጮ ከጠዋቱ 1 እስከ 5 ሰዓት መኪና ይቁም። ልጆች ይዞ በእግር፣ በሳይክል መውጣት ነው። ምን ትላላችሁ?

የጠዋት ሯጭ፦ እደግፋለሁ። ሱሉልታ ከፍታዋ 2,700 ሜትር ገደማ ነው፤ አትሌቱ የሚመጣው ለዚህ ነው። ግን ጠርዙ ላይ ስንሮጥ አይሱዙ ልብሳችንን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ያልፋል። አምቡላንስ እንደሆነ ያልፋል፤ በወር አራት ሰዓት ተረጋግተን ብንሮጥ ማን ይጎዳል?

የሰላሌ ልጅ፦ እኛ እንጎዳለን እህቴ። አምቡላንስ ያልፋል ትያለሽ፤ እሺ። ወተቱስ? አዲስ አበባ ከምትጠጣው ወተት ጥሩ ድርሻው ከዚህ ነው የሚጫነው። ላም እሁድን አታውቅም። ጠዋት የታለበው ቶሎ ካልተጫነ ይበላሻል፤ ለተበላሸ ወተት ደግሞ የሚከፍል የለም። በጾም ገዢ የለም፣ በፍስክ መንገድ የለም፤ መቼ እንሽጥ?

የጎጃም መስመር ሹፌር፦ ወገን፣ ይህ እኮ የጎጃም በር ነው! ባሕር ዳር የሚሄደው አውቶቡስ በዚህ ነው የሚወጣው። ከተማ ውስጥ አንዱ ቢዘጋ በሌላው ትዞራለህ። እዚህ በየት? በዚህ መስመር መንገደኛ መታገቱን ሁላችንም ሰምተናል። ሰው በጠዋት ተነስቶ ሳይመሽ አባይን መሻገር ነው የሚፈልገው። አራት ሰዓት አስቁማችሁት ቢመሽበት ማን ይጠየቃል?

ከስዊዘርላንድ፦ እዚህ «ስሎውአፕ» የሚባል ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሙርተን ሐይቅ ዙሪያ ተጀመረ። 32 ኪሎ ሜትር ያህል የገጠር መንገድ ለአንድ እሁድ ይዘጋል፤ በየመንደሩ ምግብ ይሸጣል፣ ባቡሩ ግን አይቆምም። የሚገርመው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በዓመት አራት እሁድ መላው አገር ከመኪና ነፃ ይሁን የሚል ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ወደቀ። ስሎውአፕ ሲደርስ ግን ሰዉ ሳይክሉን ይዞ ግልብጥ ብሎ ይወጣል። ከላይ ሲታዘዝ እምቢ አለ፣ መንደሩ ራሱ ሲያዘጋጀው ወጣ። እኔ እንዲህ ነው የገባኝ።

የጠዋት ሯጭ፦ አውሮፓ ድረስ ምን አስኬደን? ኪጋሊም በወር ሁለት እሁድ ትዘጋለች።

የጎጃም መስመር ሹፌር፦ ኪጋሊ ከተማ ናት!

የጫንጮ መምህር፦ እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። የገጠር ሰው ድሮም በእግሩ ነው። ተማሪዎቼ በየቀኑ በዚያው ጠርዝ ነው የሚመጡት። አህያ የሚነዳው ገበሬም እንደዚያው። የከተማ ሰው በወር አንድ ጠዋት ተዝናንቶ ይመለሳል፤ ሰኞ አይሱዙው እዚያው ነው። ለእኛ ከአስፋልቱ የተለየ የእግረኛ መንገድ ይሠራልን። ከዚያ በኋላ ስለ እሁዱ እናወራለን።

ጥያቄ አቅራቢ፦ መምህር፣ ልክ ነዎት። ግን አንዱ ሌላውን ለምን ያስቀራል? የከተማ ሰው ጠርዙን በእግሩ ካየው እኮ አብሮ ይጮህላችኋል። ዋናውን መንገድ እንተወው፤ የሹፌሩ ነገር አሳማኝ ነው። ከጫንጮ ወደ ደርባ የሚገነጠለውስ?

የጎጃም መስመር ሹፌር፦ እዚያ ደግሞ የሲሚንቶ ተሳቢ አለ።

የሰላሌ ልጅ፦ ሲሚንቶ አራት ሰዓት ቢቆም አይጎመዝዝም! በደርባው እስማማለሁ፣ ግን የወተት መኪና ይለፍ። ቀኑንም የመንገዱ ዳር ሰው ይምረጥ፣ ከአዲስ አበባ ተቆርጦ አይምጣ።

የጫንጮ መምህር፦ እዚያም ቢሆን ሰኞ ስለሚያልፈው ተሳቢ ያነሳ የለም።

የጠዋት ሯጭ፦ ከቀበሌው ጋር ማን ያውራ ታዲያ?