ጥሩ ተጫዋች መምረጥ እንዴት ስሕተት ይባላል? ስለ አሜሪካ ፉትቦል ድራፍትና የደመወዝ ጣሪያ

የሲልቨር ስፕሪንጉ አባት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ የዋሽንግተን ኮማንደርስ ደጋፊ በመሆኑ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጨዋታውን አብሬው አያለሁ። የሜዳውን ሕግ ቀስ በቀስ ለምጄዋለሁ፤ ያስቸገረኝ ከሜዳ ውጭ ያለው ስሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ኒውዮርክ ጃያንትስ በድራፍቱ (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየዙሩ ተራ እየጠበቁ በሚመርጡበት ዓመታዊ ሥርዓት) በሁለተኛ ተራ ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ሳኳን ባርክሌይን ሲመርጥ ብዙ ተንታኞች ውሳኔውን እንደነቀፉት ልጄ ነገረኝ። ነገር ግን ተጫዋቹ በዚያው ዓመት የማጥቃት ክፍሉ ምርጥ ጀማሪ ተብሎ ተሸልሟል። ታዲያ ቡድኖች የተጫዋቹን ችሎታ፣ የሚሰለፍበትን ቦታና የደመወዝ ጣሪያውን የሚያመዛዝኑት በምን መለኪያ ነው?

ሒሳብ ወዳድ፦

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከተጫዋቹ ችሎታ ይልቅ በዋጋው ላይ ያተኩራል። ሊጉ በ1994 የደመወዝ ጣሪያ፣ ማለትም አንድ ቡድን በዓመት ለተጫዋቾቹ ሊያወጣ የሚችለውን ከፍተኛ ገንዘብ፣ ሲያስጀምር መጠኑ 34.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2024 ወደ 255.4 ሚሊዮን አድጓል። ጣሪያው ለ32ቱም ቡድኖች እኩል ስለሆነ፣ በአውሮፓ እግር ኳስ እንደምናየው ባለጸጋ ባለቤት ያለው ክለብ ኮከቦችን ሁሉ ገዝቶ መሰብሰብ አይችልም። የሚያሸንፈው በዚያው ገንዘብ የተሻለ ቡድን የገነባ ነው።

ድራፍቱ ከዚህ ጋር የሚገናኘው በ2011 በሊጉና በተጫዋቾች ማኅበር መካከል በተደረሰው የሥራ ስምምነት በኩል ነው። ከዚያ በፊት ጀማሪዎች ደመወዛቸውን በነጻነት ይደራደሩ ስለነበር፣ በ2010 በአንደኛ ተራ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይጫወት የስድስት ዓመት የ78 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። በቀጣዩ ዓመት በዚያው ተራ የተመረጠው ካም ኒውተን ያገኘው ግን ለአራት ዓመት 22 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ የጀማሪን ደመወዝ የሚወስነው የተመረጠበት ተራ ቁጥር እንጂ የሚሰለፍበት ቦታ አይደለም። ስለዚህ በሁለተኛ ተራ የተመረጠ፣ ማጥቃቱን የሚመራና ኳሱን የሚወረውር ኳርተርባክና በዚያው ተራ የተመረጠ፣ ኳሱን ይዞ የሚሮጥ ራኒንግ ባክ በአንድ ዓመት ከተመረጡ የሚከፈላቸው እኩል ነው። በክፍት ገበያ ግን ምርጥ ኳርተርባክ በዓመት ከ50 ሚሊዮን በላይ ሲያስወጣ፣ ራኒንግ ባክ በአማካይ 20 ሚሊዮንን ያለፈው ገና በ2025 ነው። ራኒንግ ባኩ ባርክሌይ በጀማሪ ውሉ ለአራት ዓመት 31 ሚሊዮን ያህል ስለተመደበለት፣ ሜዳ ሳይገባ ከቦታው ውድ ተከፋዮች አንዱ ሆነ። ጃያንትስ ድንቅ ተጫዋች አገኘ፤ ያገኘው ግን በሙሉ ዋጋ ነው።

የልጅዎ ቡድን በ2024 በዚያው በሁለተኛ ተራ ኳርተርባኩን ጄይደን ዳንኤልስን ሲወስድ የአራት ዓመቱ ውል 37.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ልምድ ያለው አቻው ይህን ገንዘብ በአንድ ዓመት ይወስደዋል።

ድራፍት ተከታታይ፦

ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ሆኖም የቦታው ዋጋ ውድ ስለሆነ ብቻ ኳርተርባክን ማሳደድ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ታሪክ ያሳያል። ቡድኑ በ2021 ሦስተኛውን ተራ ለማግኘት ሦስት የአንደኛ ዙርና አንድ የሦስተኛ ዙር ተራ ለማያሚ አሳልፎ ሰጥቶ ትሬይ ላንስን መረጠ። ላንስ አራት ጨዋታ ብቻ በቋሚነት ጀምሮ፣ በ2023 በአንድ የአራተኛ ዙር ተራ ለዳላስ ተሰጠ። በዚያው የውድድር ዓመት ቡድኑን እስከ ሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ እስከ ሱፐር ቦውል የመራው፣ በ2022 በ262ኛውና በመጨረሻው ተራ ተመርጦ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በታች የሚከፈለው ብሮክ ፐርዲ ነበር።

የላይኛውን ተራ ማጋነን የቆየ ልማድ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዳላስ ካውቦይስ በአሠልጣኙ በጂሚ ጆንሰን ዘመን የተራዎችን ዋጋ ለመመዘን የተጠቀመበት ሰንጠረዥ ለአንደኛው ተራ 3,000፣ ለአሥረኛው 1,300፣ ለ32ኛው 590 ነጥብ ይሰጣል። በኋላ በ2017 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሪቻርድ ቴለር ከኬድ ማሲ ጋር ባደረገው ጥናት ቡድኖች በግምታቸው ከልክ በላይ ስለሚተማመኑ ለላይኛው ተራ አብዝተው እንደሚከፍሉ አሳይቷል። የጥናቱ መረጃ ከ2011 በፊት የተሰበሰበ መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም፤ ዛሬ የላይኛው ተራ ረክሷል። ያም ሆኖ የአንድ ወጣት የወደፊት ችሎታ በእርግጠኝነት የማይታወቅ መሆኑ አልተለወጠም፤ ስለዚህ እኔ ከአንድ ውድ ተራ ይልቅ ሁለት ሦስት መካከለኛ ተራዎችን እመርጣለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ አባት፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን ቀረኝ፤ ራኒንግ ባክ ይህን ያህል ዋጋ ከሌለው፣ ፊላዴልፊያ ኢግልስ ባርክሌይን አስፈርሞ በየካቲት 2025 ሱፐር ቦውልን እንዴት አነሣ?

ሒሳብ ወዳድ፦

ኢግልስ ለባርክሌይ ምንም የድራፍት ተራ አልከፈለም፤ ውሉ ሲያበቃ ከገበያ በሦስት ዓመት 37.75 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። ከዚያ በላይ ደግሞ እንደ እርሱ ላለ ሯጭ መንገድ የሚከፍቱለት የመስመር ተጫዋቾች አስቀድመው ተሰናድተው ነበር፤ ከእነርሱ አንዱ ጆርዳን ማይላታ ራግቢ ይጫወት የነበረ አውስትራሊያዊ ሲሆን በ2018 የተመረጠው በሰባተኛው ዙር ነው። ባርክሌይ በ2024 በመደበኛው ውድድር 2,005 ያርድ ሮጠ። ጃያንትስ ሯጩን ያስቀደመው ያ መስመር ሳይኖረው ነበር።

የጣሪያውን ሥራ በልጅዎ ቡድን ውስጥም ያገኙታል። ፐርዲ በግንቦት 2025 ለአምስት ዓመት 265 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፤ ሳን ፍራንሲስኮ ግን ይህ ክፍያ እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ከመጋቢት ጀምሮ ውድ ተጫዋቾችን አሰናብቷል። ከእነርሱ አንዱ ዲቦ ሳሙኤል በአንድ የአምስተኛ ዙር ተራ ብቻ ወደ ዋሽንግተን መጣ፤ ዋሽንግተን ደመወዙን መሸከም የቻለው ኳርተርባኩ ገና በጀማሪ ውል ላይ ስለነበረ ነው።